የዳላስ ሰው በማዲሰን ብርድ፦ የእንግዳ ቡድን ደጋፊ ሆነን ልንሄድ ነው፣ ምከሩኝ

ጋርላንዷ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነው። የወንድሜ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሚኒሶታ ይማራል፤ ዘንድሮ ታንክስጊቪንግን ሚኒያፖሊስ ከነሱ ጋር ላሳልፍ ትኬት ቆርጫለሁ። ልጁ ታዲያ ማንንም ሳያማክር ለእሱ፣ ለአባቱ፣ ለእናቱና ለእኔ የኳስ ትኬት ገዝቶ ቁጭ አለ። ኳሱ እዚያው ሚኒያፖሊስ ቢሆን ባልከፋኝ፤ ዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ነው፣ በባላንጣዎቻቸው ሜዳ። ጣሪያም የለውም አሉኝ። «አክስቴ፣ ይቺን ካላየሽ አሜሪካ ኖርኩ አትበዪ» ይለኛል።

እኔ የአሜሪካን ኳስ የማውቀው ቴሌቪዥን ላይ ቻናል ስቀይር ነው። ልጁን ቅር ማሰኘት አልፈልግም፣ ብርድ ግን አልችልም፤ ዳላስ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ካልሲ ደርቤ ነው የምተኛው። ያለኝ ወፍራም ጃኬት አንድ ነው፣ እሱም ቀይ። ይሆናል? ጋቢ ይዤ ብገባ ይከለክሉኛል ወይስ ይስቁብኛል? ሌላው፣ የባላንጣ ደጋፊ ሆኖ መሃላቸው መቀመጥ ጠብ አያመጣም? ኅዳር 15 ጾሙ ስለሚገባ እዚያ የሚቀመስ ነገር ይኖራል? ከሁሉ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ ወንድሜ ስኳር አለበት፣ እግሩን አንዳንዴ ይደነዝዘዋል። እሱ «ምንም አልሆንም» ባይ ነው። የሄዳችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።


ቀበና_ሴንትፖል፦

እህቴ፣ እኔ ሴንት ፖል ነኝ። ሥራዬ ዳውንታውን ፓርኪንግ ራምፕ፣ ባለ ፎቁ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ስለሆነ ክረምቱን ኮንክሪት ላይ ቆሜ ነው የምገፋው። ሁለቱም ልጆቼ የለየላቸው ጎፈር፣ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ደጋፊ ናቸው፤ በየሁለት ዓመቱ የማዲሰን ተራ ሲደርስ ሹፌሩ እኔ ነኝ። ኳሱን የወንድምሽ ልጅ ያስረዳሽ፣ እኔ ስለ መቀመጫው ላውራሽ።

ሰው ሁሉ ጃኬት ጃኬት ይላል። ብርዱ ግን የሚገባው ከታች ነው። ስታዲየሙ ካምፕ ራንዳል ይባላል፤ አብዛኛው መቀመጫ ረጅም የአሉሚኒየም አግዳሚ ነው፣ እግርሽ የሚያርፈውም ኮንክሪት ላይ። ሌሊቱን ሲበርድ ያደረ ብረት ላይ ቁጭ ስትዪ የሰውነትሽን ሙቀት መጦ መጦ አይጠግብም። ጨዋታው በወረቀት አራት ጊዜ 15 ደቂቃ ነው፣ አንዱ ኳርተር ይባላል፤ በተግባር ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። መሃል መሃሉ ላይ ተጫዋቾቹ ያለ ምክንያት ቆመው ካየሽ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ እስኪያልቅ እየተጠበቀ ነው፣ አንቺም አብረሽ ትጠብቂያለሽ። ከሞቃት አገር የሚመጡ እንግዶች ሁሌ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከወገብ በላይ ኤቨረስት የሚወጡ ይመስላሉ፣ ከወገብ በታች ጂንስና ስኒከር። ሁለተኛው ኳርተር ሳያልቅ መሬቱን በእግራቸው ሲደበድቡ ታያቸዋለሽ።

ስለዚህ ገንዘብሽን እግርሽ ላይ አውጪ። ቡትስ ስትገዢ ከቁጥርሽ ትንሽ ከፍ ያለ ውሰጂ። ከሥር ስስ ካልሲ፣ ከላዩ አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይበቃል። ሦስት ካልሲ ጠቅጥቀሽ ጫማው ከጠበበ ደም አይዘዋወርም፣ ይብሱን ይበርድሻል። ቀጥሎ ካርቶን። አትሳቂ! የአማዞን ካርቶን ከፈታሽ በኋላ አጣጥፈሽ በብብትሽ ትይዢውና ከእግርሽ ሥር ታነጥፊዋለሽ። እኔ ራምፕ ላይ የምቆመው ካርቶን ላይ ነው፤ ስታዲየም ውስጥም ፀጉራቸው የሸበተ ደጋፊዎች እንዲሁ ሲያደርጉ ታያለሽ። ለመቀመጫው አሮጌ የዮጋ ምንጣፍ ለአራት ቆርጣችሁ እጥፍ አድርጋችሁ ተቀመጡበት።

ሀንድ ዎርመር የምትባለዋን ትንሽ ከረጢት እዚህ የትም ታገኛለሽ፣ ከዳላስ አትሸከሚ። ውስጧ የብረት ብናኝ፣ ጨውና ከሰል ነው፤ አየር ሲያገኘው ብረቱ እየዛገ ይሞቃል። ስለዚህ በሩ ጋ ከመድረሳችሁ ሩብ ሰዓት ቀደም ብለሽ ክፈቻትና አየር ይንካት። ቀድደሽ ወዲያው ጓንት ውስጥ ከደፈንሻት ምንም አትሞቅም። ለእግር የሚሆነው ሌላ ነው፣ ቶ ዎርመር ይባላል፤ ከካልሲው ውጪ በጣት በኩል ይለጠፋል እንጂ ቆዳ ላይ አይለጠፍም።

ከሥር የምትለብሺው ቴርማል ጥጥ አይሁን፤ ጥጥ ላብ ከያዘ አይደርቅም። ጂንስ ካላችሁ ሚኒያፖሊስ ተዉት። ከላይ ንፋስ የማያስገባ ሱሪ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ቴርሞሜትሩ የሚነግርሽ ግማሹን ነው፤ 20 ፋረንሃይት ላይ በሰዓት 15 ማይል የሚነፍስ ንፋስ ካለ ሰውነትሽ የሚሰማው 6 ነው። ትኬታችሁ ላይኛው ፎቅ ከሆነ ደግሞ ንፋሱን የሚመልስልሽ ነገር የለም።

ጋቢሽን ይዘሽ ነይ። ከብርድ ልብስ የሚለየው ነገር ስለሌለ ማንም አይነካሽም፤ በር ላይ ግለጪው ቢሉሽ ገልጠሽ ማሳየት ነው። ከጉልበትሽ እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ተጠቅልለሽ ከሥርሽ ምንጣፉን ካደረግሽ ንግሥት ነሽ። በረዶ ከጣለ ግን ከላዩ ላይ የፕላስቲክ ፖንቾ ደርቢበት፤ ጋቢ አንዴ ከራሰ ሸክም ነው።

ቀዩ ጃኬት... እህቴ፣ ቀይ የነሱ ቀለም ነው! የኛ ማሩን ነው፣ ወይን ጠጁ፣ ከወርቃማ ቢጫ ጋር። ከሩቅ ብዙም አይለይም ትዪ ይሆናል፣ ለወንድምሽ ልጅ ግን ይለያል። ጃኬቱን አትቀይሪ፤ ትልቁን ቁጥር የጎፈር ሹራብ ገዝተሽ ከጃኬቱ በላይ ልበሺው። እዚህ ሁሉም እንዲያ ነው የሚለብሰው፣ ሹራብ ከላይ ጃኬት ከሥር።

ጠቡን በተመለከተ አትስጊ። ተማሪዎቹ ባለጌ ናቸው፣ ይሳደባሉ፤ ደስ የሚለው ግን አብዛኛውን ስድብ የሚወራወሩት እርስ በርሳቸው ነው። አንዱ ክፍል ከጎኑ ያለውን የገዛ ጓደኞቹን በዜማ ይሰድባል፣ ያኛው ይመልሳል። ትርጉሙን ልጁን አትጠይቂው፣ ያፍራል። ትልልቆቹ ሰዎች ግን ጨዋ ናቸው። ባለፈው ከጎናችን የተቀመጡ ባልና ሚስት ከእግር እስከ ራሳቸው ቀይ ለብሰው፣ የኔን ልጅ ባዶ እጅ ሲያዩ ትርፍ ጓንት አውጥተው ሰጡት። «የአየር ጠባዩ ለሁላችንም አንድ ነው» አሉን።

ጨዋታው ቀላል እንዳይመስልሽ። ሚኒሶታና ዊስኮንሲን መጀመሪያ የተገናኙት 1890 ነው፣ ከ1907 ወዲህ አንድም ዓመት ሳይጋጠሙ ቀርተው አያውቁም። ያሸነፈ መጥረቢያ ይወስዳል፤ ፖል ባንያን የሚባለው የተረት እንጨት ቆራጭ መጥረቢያ ነው ተብሎ ከ1948 ጀምሮ የሚቀባበሉት ነው፣ የየዓመቱ ውጤት እጀታው ላይ ይጻፋል። ከ2004 እስከ 2017 ድረስ 14 ዓመት ተከታትለው ወሰዱብን። ልጆቼ መጥረቢያውን በሥዕል ነበር የሚያውቁት። 2018 እዚያው ማዲሰን 37 ለ 15 ስናሸንፍ ተጫዋቾቹ በሩጫ ሄደው ከነሱ መስመር አነሱት። 2024 ላይም ታንክስጊቪንግ በነጋታው፣ ዓርብ፣ 24 ለ 7። ጨዋታው ሲያልቅ ቸኩላችሁ አትውጡ፤ ካሸነፍን መጥረቢያውን ይዘው ሲሮጡ ማየት ከኳሱ ይበልጣል።

መንገዱ አይ-94 ነው፣ አራት ሰዓት ገደማ። ያ ሳምንት ዊስኮንሲን ውስጥ የአጋዘን አደን ሰሞን ስለሆነ ማደያ ስትቆሙ ብርቱካናማ የለበሱ፣ ጢማቸው በረዶ የያዘ ሰዎች ቡና ሲቀዱ ብታዪ አትደንግጪ። አጋዘኑ ሲሸሽ አስፋልት ላይ ስለሚወጣ ግን ጨለማ ላይ ልጁ አይንዳ፣ ልምድ ያለው፣ እግሩ የማይደነዝዘው ሰው ይንዳ። ፀሐይ ከአራት ተኩል በፊት ትጠልቃለች፣ በፈረንጅ ሰዓት። ፓርኪንግ ከስታዲየሙ ዙሪያ የሰፈሩ ሰዎች ጓሯቸውን ያከራያሉ፤ ሬጀንት ስትሪት አካባቢ ምልክት ይዘው ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። እኔ በሙያዬ የምመክርሽ፣ ከፊታችሁ ሌላ መኪና የማይቆምበትን ጓሮ ምረጡ። ከኋላ ያለው ሰው ቢራውን እስኪጨርስ ልትጠብቁት ነው እንጂ።


ነርሷ_ከማዲሰን፦

እንኳን ደህና መጡ እላለሁ፣ ምንም እንኳ እኔ ቀይ ለባሽ ብሆንም። ቀበና ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ጓንቱን የሰጡትም የኛ ሰዎች በመሆናቸው ኮርቻለሁ። እኔ ስለ ወንድምዎ ልናገር።

ስኳር ያለበትና እግሩ የሚደነዝዘው ሰው ብርድ ላይ ችግሩ ማማረሩ ሳይሆን አለማማረሩ ነው። ሌላው ሰው እግሩን ሲያመው ተነስቶ ይንቀሳቀሳል፤ እሱ አይሰማውም፣ ስለዚህ «ምንም አልሆንኩም» የሚለው እውነቱን ነው። ቶ ዎርመሩን ለእሱ አይለጥፉለት። ቢያቃጥለውም አያውቀውም፣ ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ነው ቁስሉን የምታዩት። ለእሱ ጥሩ ቡትስ፣ ካርቶንና በየኳርተሩ ተነስቶ ወደ ውስጥ መግባት ይበቃዋል።

ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ ከውስጥ ሸሚዙ ኪስ፣ ከሰውነቱ ተጠግቶ ይያዝ። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል። የስኳር መለኪያው ማሽንም በጣም ከቀዘቀዘ ወይ ስህተት ይላል ወይ አይነሳም፤ አብሮ እዚያው ኪስ ይግባ። ሌላው ሰው የማይገምተው ነገር፣ ስኳር ሲወርድ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ከብርዱ መንቀጥቀጥ አይለይም። ከተንቀጠቀጠ ጃኬት ከመደረብዎ በፊት ይለካ። መድኃኒት ይዞ መግባት ላይ ችግር የለም፣ በር ላይ መንገር ነው፤ ሌላውን ዕቃ ግን ቦርሳ ውስጥ አድርጋችሁ አትምጡ፣ በኪስ የሚያዝ ብቻ። የቦርሳ ደንቡን ከመነሳታችሁ በፊት ልጁ ስታዲየሙ ድረ ገጽ ላይ ይይልን።

ቆዳን የሚያነብ ዓይን ያስፈልጋል። በእኛ መልክ ላይ ብርድ የመታው ጣት ወይም ጆሮ እንደ ፈረንጁ ነጭ አይሆንም፣ አመድማ ይላል፣ ሲነኩት ጠንከር ይላል። ከደረሰም አይሹት፣ ማሞቂያ ላይም አያስጠጉት፤ ለብ ባለ ውሃ ነው የሚመለሰው። እዚያ አጠገብ ያለ ሰው «ብራንዲ ያሙቅህ» ቢለው አይቀበል፤ መጠጥ ደም ሥሩን ስለሚከፍተው ለጊዜው የሞቀው ይመስለዋል እንጂ ሙቀቱን እየጣለ ነው።

ጾሙን በተመለከተ፣ የዊስኮንሲን ስታዲየም ምግብ ማለት ቋሊማና የተጠበሰ አይብ ነው፣ ስለዚህ አይጠብቁ። ሆት ቾክሌቱም ወተት አለው። ፖፕኮርን ቅቤ እንዳያደርጉበት ጠይቀው ይያዙ፣ ቡና ጥቁር ይጠጡ። ስኳር ያለበት ሰው ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፉን ሳይከፍት ብርድ ላይ አይቀመጥም፤ ይህን ከነፍስ አባቱ ጋር አስቀድሞ ይነጋገርበት።


ሲልቨርስፕሪንግ_01፦

እኔ ያልገባኝ፣ ቤት ውስጥ ሽሮ እየበሉ 65 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ማየት ሲቻል ምን አገባችሁ? በነጻ ብርድ ቢሰጡኝ አልወስድም፣ ሰው ከፍሎ ይበርደዋል?


ቀበና_ሴንትፖል፦

ወንድሜ፣ 65 ኢንችህ ሦስተኛው ኳርተር ሲያልቅ አይነቃነቅም። እዚያ «ጃምፕ አራውንድ» የሚባለው ዘፈን ይለቀቃል፣ 76 ሺህ ሰው እኩል ይዘላል፣ የላይኛው ፎቅ ከእግርህ ሥር ሲወዛወዝ ይሰማሃል። 2003 ላይ ሕንፃው እንዳይጎዳ ብለው አስቁመውት ተማሪው ተቆጥቶ፣ መሐንዲሶች አይተው ችግር የለውም ሲሉ መለሱት። እንግዳ ደጋፊዎች ኩራት ይዟቸው ቁጭ ብለው የሚቀሩ አሉ። ሞኝነት ነው። ሦስት ሰዓት ከቀዘቀዝክ በኋላ በነጻ የሚያሞቅህን ነገር የምን ባላንጣነት? እኔ የማሩን ኮፍያዬን አድርጌ ከነሱ ጋር ነው የምዘለው።


ጋርላንዷ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሁሉንም ለወንድሜ አንብቤለት ስለ ኢንሱሊኑ ዝም አለ፤ ዝም ካለ ገብቶታል ማለት ነው። ቡትሱንም ዛሬ አዘዝኩ። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አንደኛ ወንድሜ ቢደክመው ወጥቶ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መመለስ ይችላል? ሁለተኛ ከቤት ምን ሠርቼ ልያዝ? የወንድሜ ሚስት ሥራ ስለሚበዛባት ምግቡን እኔ ነኝ የምይዘው። ሰዓቱስ ለምንድነው ትኬቱ ላይ ያልተጻፈው?


ቀበና_ሴንትፖል፦

ሰዓቱን የሚወስነው ቴሌቪዥን ጣቢያው ነው፤ ዓርብ ይሁን ቅዳሜ፣ ጠዋት ይሁን ማታ፣ ብዙ ጊዜ ቀኑ ሲቃረብ ነው የሚታወቀው። 2024 ላይ ጠዋት 11 ሰዓት ነበር በአሜሪካ አቆጣጠር፣ ከሴንት ፖል ገና ሳይነጋ ነው የወጣነው። ስለዚህ ሆቴል ከያዛችሁ ሊሰረዝ የሚችለውን ያዙ።

አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይገባም፣ ያንን አትመኑ። ግን መውጣትም አያስፈልገውም። ከመቀመጫው ጀርባ ሽንት ቤቱና ምግቡ ያለበት መተላለፊያ አለ፤ ጣሪያ አለው፣ ንፋስ የለውም፣ የሰው ትንፋሽ ያሞቀዋል። ሀፍታይም 20 ደቂቃ ነው፣ ያኔ ግን ሁሉም እኩል ስለሚገባ መፈናፈኛ የለም። ወንድምሽ ሁለተኛው ኳርተር ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ቀድሞ ይግባ፣ ሰው ሲጎርፍ እሱ ግድግዳ ተደግፎ ቡናውን ይዟል። የማርሽ ባንዱን አንቺና ልጁ እዩ።

ምግቡ የሚበላው መኪናው ጋ ነው፣ ከውጪ የመጣ ምግብ ውስጥ አያስገቡም። ፈረንጆቹ ከሰል አቀጣጥለው ቋሊማ ሲጠብሱ እናንተ ከመኪናው ኋላ በፔርሙስ ትኩስ ምስር ሾርባ ቅዱ፣ ዳቦ ቆርሳችሁ ብሉ። እንጀራ አልመክርሽም፣ ብርድ ላይ ይደርቃል፣ በጓንትም አይቆረስም። በሶ ካለሽ ጭብጦ አድርጊው፣ ጠዋት ቡጢ የሚያህል የበላ ሰው እስከ ማታ አይርበውም። ለወንድምሽ ስኳሩ ቢወርድ የሚሆን ከረሜላ በውስጥ ኪሱ ይያዝ፤ ቸኮሌት ድንጋይ ይሆንበታል።

ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ የስልኩን ነገር። ትኬቱ አሁን ወረቀት የለውም፣ ሁሉም የልጁ ስልክ ላይ ነው ያለው፣ ስልክ ደግሞ ብርድ ላይ ባትሪው ሳይታሰብ ይጠፋል። የእያንዳንዳችሁን ትኬት ሐሙስ ማታ ቤት ሳላችሁ ወደየስልካችሁ ይላክላችሁና ዋሌት በሚባለው የስልኩ ትኬት መያዣ ውስጥ አስቀምጡት፤ ሰልፍ ላይ ቪዲዮ አትቅረጹ፣ ስልኩ ከኢንሱሊኑ ጋር ደረት ኪስ ይዋል። አራታችሁም በአንድ ሰው ስልክ ላይ ተንጠልጥላችሁ በሩ ጋ እንዳትቀሩ።

ሚኒያፖሊስ ስትደርሺ እዚህ ጻፊልኝ። ትርፍ የሱፍ ካልሲና ሁለት የማሩን ኮፍያ ቤት አለኝ፣ ባለቤቴ ደግሞ በሶ አላት።